ፓርቲሽን ነካክታችሁ ኮምፒውተሩ አልነሳ ካለ፣ ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት ይቺን አንብቡ

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት፣ ድሬ ላይ ሱቁ ሁሉ ተዘግቶ ሰው ጥላ ጥላውን በሚፈልግበት ሰዓት የአክስቴ ልጅ ከሐረር ደወለችልኝ። "አቦ ላፕቶፔ ሞተብኝ" አለች፣ ድምጿ ሊያለቅስ ነው። ቀስ ብዬ ሳጣራ ነገሩ እንዲህ ነው፣ ዊንዶውስና ኡቡንቱ የሚባለው ሊኑክስ አንድ ላይ የተጫነበት አሮጌ ላፕቶፕ ነው፣ የዊንዶውሱ ሲ ድራይቭ ሞልቶ ቀይ ሲሆንባት ቦታ ላስለቅቅ ብላ በዊንዶውሱ ዲስክ ማኔጅመንት ገብታ ስም የሌለው ባዶ የመሰላትን ፓርቲሽን (ዲስኩ ከተከፋፈለባቸው ክፍሎች አንዱን) ዲሊት አደረገችው፣ ሪስታርት ስታደርገው ጥቁር ስክሪን ላይ ሁለት መስመር ጽሁፍ ብቻ፣ ሌላ ምንም የለም። አንድ ሰፈሯ ያለ ጠጋኝ ጋ ወስዳው "ፎርማት ካልተደረገ አይነሳም" ብሏታል። ውስጡ ደግሞ የመመረቂያ ጽሁፏ አለ፣ ኮፒው ሌላ ቦታ የለም።

ፎርማት እንዳታደርጊው አልኳት፣ በስልክ እያነበብኩላት እሷ እየመታች ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ተነሳ፣ ጽሁፏም እንዳለ ነው። እኔ ይሄን የምጽፈው ለዚ ነው። ድሬም ሐረርም እንደዚ ሆኖ የመጣ ኮምፒውተር በብዛት ፎርማት ይደረጋል፣ የሰው የስንት አመት ፎቶና ስራ አብሮ ይሄዳል፣ ፋይሉ ግን ዲስኩ ላይ ቁጭ ብሎ ነበር እኮ! ያሳዝነኛል በጣም።

አንድ ነገር ልበል በቅድሚያ፣ ትእዛዞቹን ለሷ በስልክ እንዳነበብኩላት ነው የምጽፋቸው፣ እናንተ ኪቦርዱ ላይ በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደል ነው የምትመቱት። ኤልኤስ ስል ሁለቱን ፊደል ብቻ፣ ኤችዲ0 ስል ሁለት ፊደልና ዜሮ ቁጥር። ቅንፉን፣ ኮማውን፣ እዝባሩን (/) እንዳለ አስገቡ፣ ክፍት ቦታ ያለበት ጋ ክፍት ቦታ ተዉ፣ የሌለበት ጋ አትጨምሩ።

ለምንድነው የማይነሳው? ይሄ ከገባችሁ የቀረው ቀላል ነው። ኮምፒውተሩ ሲበራ ሁለቱን ሲስተም አስመርጦ የሚያስነሳው ግረብ የሚባለው ፕሮግራም ነው። አሮጌ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሳው የማሽኑ የራሱ ፕሮግራም) ላይ ግረብ የሚጀምረው ከዲስኩ የመጀመሪያ ሴክተር ነው፣ ያ ሴክተር 512 ባይት ነው፣ 64ቱ የፓርቲሽን ሰንጠረዥ ነው፣ 2ቱ ማረጋገጫ ፊርማ ነው፣ ለኮድ የሚተርፈው 446 ባይት ብቻ። በዚች ቦታ ምን ሊያዝ ይችላል? ስለዚ ቀሪው ሰውነቱ ኡቡንቱ ያለበት ፓርቲሽን ውስጥ ቡት የሚባል ፎልደር ስር ነው ያለው፣ የፊተኛው ክፍል "ቀሪው የኔ ነገር ስድስተኛው ፓርቲሽን ላይ ነው" ብሎ በቁጥር ብቻ ይዞ ይሄዳል። ጀጎል ውስጥ ሰው ስትፈልጉ "ከመስጊዱ ቀጥሎ ስድስተኛው በር" ተብላችሁ ሄዳችሁ እንበል፣ መሀል ላይ የአንዱ ቤት በር ተደፍኖ ከሆነ ስድስተኛው በር የሌላ ሰው ነው፣ ወይ ጭራሽ ስድስተኛ የሚባል በር የለም። ሰውየው ግን ከቤቱ አልተነቃነቀም፣ ቁጭ ብሎ ቡናውን እየጠጣ ነው። የአክስቴ ልጅም የሆነችው ይሄው ነው፣ በድሮው የኤምቢአር አከፋፈል ዋና ፓርቲሽን ከአራት አይበልጥም፣ ከዛ በላይ ያሉት በኤክስቴንድድ ውስጥ ሆነው ከ5 ጀምሮ ይቆጠራሉ፣ ከነሱ አንዷ ስትጠፋ ከኋላዋ ያሉት ሁሉ አንድ አንድ ቁጥር ወደፊት ይገፋሉ። 5ን አጠፋች፣ 6 የነበረው ኡቡንቱ 5 ሆነ፣ ግረብ 6ን ፈልጎ አጣ።

አዳዲሶቹ ማሽኖች ላይ፣ በድሮው ባዮስ ፋንታ ዩኢኤፍአይ የሚባለው ሲሆን፣ ትንሽ ይለያል። እዛ ፓርቲሽኖቹ ጂፒቲ በሚባል አዲስ አከፋፈል ነው የሚያዙት፣ አንዱን ስታጠፉ የሌላው ቁጥር አይቀየርም። ኢኤፍአይ የምትባል በፋት32 የተሰራች ትንሽ ፓርቲሽን አለች፣ ዊንዶውስ ሲጫን ብዙ ጊዜ 100 ሜጋ አካባቢ አድርጎ የሚሰራት፣ የሁለቱም ሲስተም ማስነሻ ፋይል እሷ ውስጥ ነው። ሰው የማታስፈልግ መስላው ቶሎ የሚያጠፋት ደግሞ እሷን ነው፣ ትንሽ ናት ስም የላትም ዊንዶውስ ውስጥም አትታይም። እባካችሁ እሷን አትንኩ።

እንግዲህ ስክሪኑ የሚለውን በደንብ አንብቡት፣ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ጠጋኝ ጋም ብትሄዱ ያ ፎቶ ይጠቅማችኋል። እስካሁን ምንም አልጠፋባችሁም፣ የሚጠፋው ከዚ በኋላ በችኮላ የምታደርጉት ነው። አዲስ ዊንዶውስ ከላይ መጫን የለም፣ ዲስኩን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁት ዊንዶውሱ "ከመጠቀምህ በፊት ፎርማት አድርገው" ካላችሁም እሺ እንዳትሉት፣ እሱ የሊኑክስን ፋይል ሲስተም ማንበብ ስለማይችል ነው እንደዛ የሚለው እንጂ ተበላሽቶ አይደለም። በዚ አንድ ጥያቄ ብቻ ስንት ሰው ፋይሉን አጥቷል።

ጽሁፉ "ኖ ሳች ፓርቲሽን" ብሎ ከስሩ "ግረብ ሬስኪዩ" ካለ የአክስቴ ልጅ የገጠማት ነው። ፍላሽ ምናምን ሳያስፈልግ እዛው ማስነሳት ይቻላል። የተሰካ ፍላሽና ኤክስተርናል ካለ ንቀሉት፣ የዲስኩን ቁጥር ያምታታባችኋልና። ከዛ መጀመሪያ

ኤልኤስ

ብላችሁ ኢንተር ምቱ። ያሉትን ፓርቲሽኖች እንዲህ ደርድሮ ያመጣላችኋል፣ (ኤችዲ0) (ኤችዲ0,ኤምኤስዶስ5) (ኤችዲ0,ኤምኤስዶስ2) (ኤችዲ0,ኤምኤስዶስ1)። ጂፒቲ ከሆነ ኤምኤስዶስ በሚለው ፋንታ ጂፒቲ ይላል። አሁን አንድ በአንድ በሩን ማንኳኳት ነው፣

ኤልኤስ (ኤችዲ0,ኤምኤስዶስ5)/

መጨረሻ ላይ ያለችው እዝባር እንዳትረሳ። ፋይል ሲስተሙ አይታወቅም ካለ እሱ አይደለም፣ ወደ ቀጣዩ። ቡት፣ ኢቲሲ፣ ሆም፣ ዩኤስአር የሚሉ ፎልደሮች ከዘረዘረላችሁ አገኛችሁት፣ ያ ነው ኡቡንቱ። የአክስቴ ልጅ "ሆም የሚል አለ!" ስትለኝ የሁለታችንም ልብ ነው የተመለሰው፣ ምክንያቱም ጽሁፏ ያለው እዛ ውስጥ ነው። ከዛ ግረብን አዲሱን አድራሻ ትነግሩታላችሁ፣

ሴት ሩት=(ኤችዲ0,ኤምኤስዶስ5)
ሴት ፕሪፊክስ=(ኤችዲ0,ኤምኤስዶስ5)/ቡት/ግረብ
ኢንስሞድ ኖርማል
ኖርማል

ሦስተኛውን ስትመቱ ምንም ሳይል ዝም ካለ ጥሩ ነው፣ ዝምታ እዚ ጋ እሺ ማለት ነው። ፋይሉ አልተገኘም ካለ ወይ ቁጥሩን ወይ መንገዱን ስታችኋል፣ ሴት ብቻ ብላችሁ ኢንተር ስትመቱ ያስገባችሁትን መልሶ ያሳያችኋል፣ የት ጋ እንደተሳሳታችሁ አይታችሁ ድገሙት። ስትጭኑ ቡትን ለብቻው ፓርቲሽን ሰጥታችሁት ከነበረ ደግሞ መንገዱ /ግረብ ብቻ ነው የሚሆነው። ኖርማል ስትሉ ያ የምታውቁት የምርጫ ሜኑ ይመጣል፣ ኡቡንቱን መርጣችሁ ግቡ። ለምን ከዚ በኋላ ችግር የለም ካላችሁ፣ ሜኑው ውስጥ ያለው አድራሻ በቁጥር አይደለም፣ ዩዩአይዲ በሚባል የፓርቲሽኑ የራሱ መለያ ነው፣ ማለትም ስድስተኛው በር ሳይሆን በባለቤቱ ስም ነው የሚጠይቀው። ፓርቲሽን ብታሳድጉት ብታሳንሱት ይሄ ስም አይቀየርም፣ የሚቀየረው ፎርማት ስታደርጉት ነው።

ግን አላለቀም፣ ሪስታርት ብታደርጉት ተመልሶ እዛው ነው የሚገባው፣ ምክንያቱም ያስገባችሁት ለዛች ሰዓት ብቻ ነው። ኡቡንቱ ውስጥ ተርሚናል (ትእዛዝ የሚመታበትን መስኮት) ክፈቱና

ሱዶ ግረብ-ኢንስቶል /ዴቭ/ኤስዲኤ
ሱዶ አፕዴት-ግረብ

ኤስዲኤ ብቻ ነው፣ ኤስዲኤ5 አይደለም፣ ሙሉ ዲስኩ ላይ ነው የሚጫነው። ኤስኤስዲያችሁ ኤንቪኤምኢ ከሆነ ስሙ ኤንቪኤምኢ0ኤን1 ነው የሚሆነው፣ ኤልኤስቢኤልኬ የሚለውን ትእዛዝ ብትመቱ የናንተው ማን እንደሚባል ያሳያችኋል።

አፕዴት-ግረብ ስታደርጉ ዊንዶውስን አገኘሁት ሳይል ካለፈ አትደንግጡ፣ ከግረብ 2.06 ጀምሮ ሌላ ሲስተም የሚፈልገው ኦኤስ-ፕሮበር የሚባለው ነገር ካላበሩት ጠፍቶ ነው የሚመጣው። /ኢቲሲ/ዲፎልት/ግረብ የሚለውን ፋይል በሱዶ ናኖ (ናኖ ተርሚናል ውስጥ ጽሁፍ ማረሚያ ነው) ከፍታችሁ መጨረሻ ላይ ግረብ_ዲሴብል_ኦኤስ_ፕሮበር=ፎልስ ብላችሁ ጨምሩ፣ ከእኩል ምልክቱ በፊት ያለው ሁሉ በትልልቅ ፊደል፣ ፎልስ በትንሹ፣ ሴቭ አድርጋችሁ አፕዴት-ግረብን ድገሙት።

ስክሪኑ ላይ ሬስኪዩ ሳይል ግረብ ብቻ ብሎ ከጎኑ የቀስት ጫፍ ምልክት ካመጣ ሌላ ነው፣ ይሄ እንኳን ይሻላል። ዩኢኤፍአይ ላይ ኡቡንቱ ያላችሁ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚገጥማችሁ ይሄኛው ነው። ኢኤፍአይ ፓርቲሽኗ ውስጥ ሦስት መስመር ብቻ ያላት ትንሽ ፋይል አለች፣ የኡቡንቱውን ዩዩአይዲ ፈልግ፣ እዛ ሂድ፣ ዋናውን ፋይል ክፈት የምትል። ዩዩአይዲው ካልተገኘ ሜዳ ላይ ትቀራለች። እዚም በኤልኤስ ፓርቲሽኑን ፈልጉና፣ ስታገኙት

ኮንፊግፋይል (ኤችዲ0,ጂፒቲ5)/ቡት/ግረብ/ግረብ.ሲኤፍጂ

በዚች ብቻ ሜኑው ይመጣል፣ ገብታችሁ ግረብ-ኢንስቶሉን ትደግሙታላችሁ። ኡቡንቱውን ሆን ብላችሁ አጥፍታችሁት ዊንዶውስ ብቻ ነው የምፈልገው ካላችሁ ደግሞ ከግረብ ጋር መታገል አያስፈልግም፣ ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ ስታበሩት የቡት ሜኑ ቁልፉን ምቱ፣ ዴልና ሌኖቮ ላይ ብዙ ጊዜ ኤፍ12 ነው፣ ኤችፒ ላይ ኢስኬፕ ከዛ ኤፍ9፣ ከሚመጣው ዝርዝር ውስጥ ዊንዶውስ ቡት ማኔጀር የሚለውን ምረጡ። ከገባ ባዮስ ውስጥ እሱን አንደኛ አድርጉት፣ አለቀ።

በተቃራኒው ምንም ሳይጠይቅ ቀጥታ ዊንዶውስ ከገባባችሁ ኡቡንቱው አልጠፋም፣ ተራው ነው የተቀየረው። ያንኑ የቡት ሜኑ ቁልፍ መትታችሁ ኡቡንቱ የሚል ስም ካለ ምረጡት፣ ከባዮስ ወደላይ አውጡት። ስሙ ከዝርዝሩ ከሌለ ግን ወደ ፍላሹ እንሂድ።

ይሄ የፍላሹ መንገድ ረዘም ይላል ግን ሁሉንም ነው የሚያነሳው፣ ግረብ ሬስኪዩ ላይ አልሳካ ያላችሁንም፣ "ቡት የሚሆን ዲስክ የለም" የሚለውንም። ኡቡንቱ የተጻፈበት ፍላሽ ያስፈልጋችኋል፣ ጠጋኞች ጋ አይጠፋም፣ የጓደኛ ኮምፒውተር ላይም መስራት ይቻላል። እኔ ለአክስቴ ልጅ ነገ ከነገ ወዲያ ያስፈልጋታል ብዬ አንዱን በሚኒባስ ሹፌር ልኬላታለሁ፣ ደንገጎን ወጥቶ ማታ ደርሶላታል። ከፍላሹ ስትነሱ ኢንስቶል አትበሉ፣ "ትራይ" የሚለውን ነው የምትመርጡት፣ ዲስካችሁን ሳይነካ ከፍላሹ ላይ ይሰራል።

ሰው ብዙ የሚሳሳትባት ቦታ ይቺ ናት። ሲስተማችሁ የተጫነው በዩኢኤፍአይ ከሆነ ፍላሹም በዩኢኤፍአይ ነው መነሳት ያለበት፣ በድሮው ባዮስ፣ ሌጋሲ በሚባለው ከሆነ በሌጋሲ። ቡት ሜኑው ላይ ፍላሹ ሁለት ጊዜ ከመጣ አንዱ ዩኢኤፍአይ ይላል። በየትኛው እንደተነሳችሁ ለማወቅ ተርሚናል ላይ ኤልኤስ /ሲስ/ፈርምዌር/ኢኤፍአይ በሉ፣ ፋይል ከዘረዘረ ዩኢኤፍአይ ነው፣ የለም ካለ ሌጋሲ ነው። ይሄን ሳያዩ የቀረውን ሁሉ በትክክል ሰርተው አልሆነም ብለው ፎርማት ያደረጉ ሰዎች አውቃለሁ።

ከዛ ሱዶ ኤልኤስቢኤልኬ -ኤፍ በሉ፣ ፓርቲሽኖቹን ከነአይነታቸው ያሳያል። ኤክስት4 የሚለው ኡቡንቱ ነው፣ ኤንቲኤፍኤስ የሚለው ዊንዶውስ፣ ቪፋት የሚለው ትንሹ ኢኤፍአይ። ኡቡንቱው ኤስዲኤ5፣ ኢኤፍአይው ኤስዲኤ1 ነው ብለን እንውሰድ፣ እናንተ የራሳችሁን ቁጥር ታስገባላችሁ፣

ሱዶ ማውንት /ዴቭ/ኤስዲኤ5 /ኤምኤንቲ
ሱዶ ማውንት /ዴቭ/ኤስዲኤ1 /ኤምኤንቲ/ቡት/ኢኤፍአይ
ሱዶ ማውንት --ባይንድ /ዴቭ /ኤምኤንቲ/ዴቭ
ሱዶ ማውንት --ባይንድ /ፕሮክ /ኤምኤንቲ/ፕሮክ
ሱዶ ማውንት --ባይንድ /ሲስ /ኤምኤንቲ/ሲስ
ሱዶ ማውንት --ባይንድ /ረን /ኤምኤንቲ/ረን
ሱዶ ሲኤችሩት /ኤምኤንቲ

ሌጋሲ ከሆነ ሁለተኛዋን መስመር ዝለሏት። ዩኢኤፍአይ ላይ ረን ያለባትን መስመር ካስገባችሁ በኋላ ሲስ ስር ያለው የኢኤፍአይ መረጃ አይታይም ካላችሁ ሱዶ ማውንት --ባይንድ /ሲስ/ፈርምዌር/ኢኤፍአይ/ኢኤፍአይቫርስ /ኤምኤንቲ/ሲስ/ፈርምዌር/ኢኤፍአይ/ኢኤፍአይቫርስ የምትል መስመር ሲኤችሩት ከማለታችሁ በፊት ጨምሩ። ሲኤችሩት ካላችሁ በኋላ ያላችሁት ፍላሹ ውስጥ አይደለም፣ የራሳችሁ ኡቡንቱ ውስጥ ገብታችኋል፣ ሱዶ ሳትሉ ግረብ-ኢንስቶል በሉ፣ ሌጋሲ ከሆነ /ዴቭ/ኤስዲኤን ጨምሩበት፣ ቀጥሎ አፕዴት-ግረብ፣ ኤግዚት፣ ሪስታርት፣ ፍላሹን ንቀሉ። እግረ መንገዳችሁን ደግሞ ከመውጣታችሁ በፊት ሆም ውስጥ ያለውን አስፈላጊ ፋይል ሌላ ፍላሽ ላይ ገልብጡ፣ ማንም አይከለክላችሁም፣ በሩ ተከፍቷል እኮ።

ኢንተርኔት ካላችሁ ቡት ሪፔር የሚባል ይሄን ሁሉ በአንድ ክሊክ የሚሰራ ፕሮግራም አለ፣ ጥሩ ነው፣ ብዙ ጊዜ ይሳካለታል። እኔ ግን መጀመሪያ በእጅ መስራቱን እመርጣለሁ፣ ምን እንደተበላሸ አይታችሁ ስለምታስተካክሉት ሌላ ቀን አትቸገሩም።

የአክስቴ ልጅ ከተነሳላት በኋላ ማታ እንደገና ደወለች፣ "ይነሳል ግን በጣም ይቆያል" ብላ። እሱም ከዛው የመጣ ነው፣ ያጠፋቻት ባዶ የመሰለቻት ፓርቲሽን ስዋፕ ነበረች፣ ራም ሲሞላ ሲስተሙ የሚያራግፍባት። ኡቡንቱ ሲነሳ /ኢቲሲ/ኤፍኤስታብ የሚለውን ፋይል አንብቦ እዛ የተጻፉትን ፓርቲሽኖች በስማቸው ይጠራል፣ ያልመጣውን 1 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ይጠብቀዋል። ሱዶ ናኖ /ኢቲሲ/ኤፍኤስታብ ብላችሁ ከፍታችሁ ስዋፕ የሚለው መስመር መጀመሪያ ላይ የመሰላል ምልክቷን (#) አስገቡ፣ ሴቭ። አሁንም ግማሽ ደቂቃ አካባቢ የሚቆይ ከሆነ /ኢቲሲ/ኢኒትራምኤፍኤስ-ቱልስ/ኮንፍ.ዲ/ሪዙም የሚል ፋይል ካለ ውስጡን ሪዙም=ነን አድርጉት፣ ሪዙም በትልልቁ ነን በትንሹ፣ ቀጥሎ ሱዶ አፕዴት-ኢኒትራምኤፍኤስ -ዩ። ያጠፋችሁት ስዋፕ ሳይሆን ኤፍኤስታብ ላይ የነበረ የዳታ ፓርቲሽን ከሆነ ግን ጠብቆ አያልፍም፣ ኢመርጀንሲ ሞድ ብሎ ይቆማል፣ ኢንተር ብላችሁ ወይ ፓስወርድ አስገብታችሁ እዛው ናኖ ከፍታችሁ ያንኑ መስመር መዝጋት ነው።

ወደ ዊንዶውሱ ደግሞ። ኡቡንቱ እየገባ ዊንዶውሱ ሰማያዊ ስክሪን ላይ 0ክስሲ000000ኢ ምናምን የሚል ቁጥር አምጥቶ ካስቸገረ የሱም ማስነሻ መዝገብ፣ ቢሲዲ የሚባለው፣ አድራሻ ጠፍቶበት ነው። በተለይ ኤምቢአር ላይ የዊንዶውሱን ፓርቲሽን መጀመሪያ ወደ ግራ ወይ ወደ ቀኝ ከገፋችሁት ይመጣል። የዊንዶውስ ፍላሽ ሰክታችሁ ቋንቋ ምረጥ የሚለው ጋ ሲደርስ ሺፍትና ኤፍ10 አንድ ላይ ስትመቱ ትእዛዝ የሚመታበት ጥቁሩ መስኮት ይከፈታል። ዲስክፓርት በሉ፣ ሊስት ቮልዩም፣ ፋት32 የሆነችውን ትንሿን ቁጥሯን አይታችሁ ሴሌክት ቮልዩም 3 (ቁጥሯ 3 ከሆነ)፣ አሳይን ሌተር=ኤስ፣ ኤግዚት። ዊንዶውሱ እዚ ሲ ላይሆን ይችላል፣ ዲአይአር ሲ: ብላችሁ ዊንዶውስ የሚል ፎልደር መኖሩን እዩ፣ ከሌለ ዲን ሞክሩ። ከዛ

ቢሲዲቡት ሲ:\ዊንዶውስ /ኤስ ኤስ: /ኤፍ ዩኢኤፍአይ

ቡት ፋይሎቹ ተፈጥረዋል ካለ በቃ። ድሮ ሌጋሲ ከሆነ ቡትሬክ /ፊክስቡት ከዛም ቡትሬክ /ሪቢልድቢሲዲ ነው። ቡትሬክ /ፊክስኤምቢአር የምትለዋን ግን ኡቡንቱውንም የምትፈልጉት ከሆነ አትንኳት፣ የመጀመሪያው ሴክተር ላይ ያለውን ግረብ አጥፍታ የዊንዶውሱን ነው የምትጽፈው፣ ዩቲዩብ ላይ ሁሌ አብራ ትመጣለች።

ዊንዶውሱ 48 ዲጂት ያለው ቁልፍ ከጠየቀ ዲስኩን የሚቆልፈው ቢትሎከር በርቶ ነው። ቁልፉ ብዙ ጊዜ ዊንዶውሱ ሲጫን በገባችሁበት የማይክሮሶፍት አካውንት ላይ ነው የሚቀመጠው፣ ገብታችሁ ፈልጉት። ያለ እሱ መክፈቻ የለውም፣ ስለዚ ፓርቲሽን ከመንካታችሁ በፊት ቢትሎከሩን ሰስፔንድ አድርጉት፣ ቁልፉንም ወረቀት ላይ ገልብጡ።

በቀጣይ ስትነኩ ደግሞ የዊንዶውሱን ፓርቲሽን በዊንዶውሱ በራሱ ዲስክ ማኔጅመንት፣ የኡቡንቱውን ከፍላሽ ተነስታችሁ ጂፓርትድ በሚባለው የፓርቲሽን ፕሮግራም። ከዛ በፊት ዊንዶውሱ ላይ ጥቁሩን መስኮት በአድሚን ከፍታችሁ ፓወርሲኤፍጂ /ኤች ኦፍ በሉ፣ ይሄን ካላደረጋችሁ ሸትዳውን ያላችሁት መስሏችሁ በግማሽ ተኝቶ ነው የሚቆየው፣ በዛ ሁኔታ ላይ ፓርቲሽኑን መቁረጥ ፋይል ያበላሻል። የፓርቲሽን ሰንጠረዡንም ኮፒ ያዙ፣

ሱዶ ኤስኤፍዲስክ -ዲ /ዴቭ/ኤስዲኤ > ቴብል.ቲኤክስቲ

ያቺን ትንሽ ፋይል ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ ላኩት፣ ነገ አንዱ ቢጠፋ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ይነግራችኋል።

እዚ እኛ ጋ ደግሞ አንድ ነገር አለ፣ መብራት። ፓርቲሽን ከቀኙ መቁረጥ ቶሎ ያልቃል፣ መጀመሪያውን ወደ ግራ መግፋት ግን ውስጡ ያለውን ዳታ በሙሉ ከቦታ ቦታ መገልበጥ ስለሆነ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ላይ ሰአታት ይፈጃል። መሀል ላይ መብራት ከሄደ እስካሁን ያልኳችሁ ሁሉ አይሰራም፣ ያኔ የጠፋው አድራሻ ሳይሆን እቃው ነው። እኔ ላይ ደርሷል፣ 300 ጊጋ እየገፋሁ ባትሪው በሞተ ላፕቶፕ፣ ግማሹ ላይ ጠፋ፣ የእናቴ የድሮ ፎቶዎች ነበሩበት፣ የተመለሰው ትንሹ ነው። ዴስክቶፕ ከሆነ ዩፒኤስ ሳይኖር አትጀምሩ፣ ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩን ነቅላችሁ ባትሪው ግማሽ ሰአት መቆየቱን አረጋግጡ፣ ድሬ ታይዋን ገበያ የተገዛ አሮጌ ላፕቶፕ ብዙው ባትሪው የለም። በግንቦትና ሰኔ ሙቀት ደግሞ ቀን ላይ አትስሩት፣ ማታ ቀዝቀዝ ሲል፣ ፍራሽ ላይ ሳይሆን ጠረጴዛ ላይ፣ ቬንትሌተር ወደሱ አዙራችሁ።

ፓርቲሽኑ ራሱ ተሳስታችሁ ዲሊት ከተደረገ፣ ማለትም ኤልኤስቢኤልኬ ላይ ኡቡንቱው ጭራሽ ከሌለ፣ እሱም ቢሆን ተስፋ አለው። ዲሊት ሲደረግ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ሰንጠረዡ ላይ ያለው መስመር ነው። ከፍላሹ ተነስታችሁ ቴስትዲስክ የሚባለውን የጠፋ ፓርቲሽን ፈላጊ ጫኑ፣ ሱዶ ኤፒቲ ኢንስቶል ቴስትዲስክ፣ ሱዶ ቴስትዲስክ፣ ዲስኩን ምረጡ፣ አናላይዝ፣ ኩዊክ ሰርች። የጠፋውን ፓርቲሽን ካገኘው ፒ የሚለውን ፊደል ስትመቱ ውስጡ ያሉትን ፋይሎች ያሳያችኋል፣ የራሳችሁ መሆናቸውን ሳታዩ ራይት አትበሉ። ካያችኋቸው በኋላ እዛው ሲ የሚለውን ፊደል ተጠቅማችሁ መጀመሪያ ወደ ሌላ ኤክስተርናል ገልብጧቸው፣ ወደዛው ዲስክ አይደለም፣ ወደ ሌላ፣ ከዛ ነው ራይት የሚባለው።